ተሸንፈው የማያውቁት ራስ

ቢሾፍቱ፣ ሆራ ሐይቅ አጠገብ፣ ጥላ ሥር ዳማ ይጫወታሉ። ጠጠሩ ቆርኪ ነው። ሁለቱ ይጫወታሉ፤ አሥሩ ይጮሃሉ። ቆሜ ሳይ አንድ ሊስትሮ እጁን ሰዶ የአንዱን ጎልማሳ ጠጠር አነሳና የት መሄድ እንዳለበት አሳየው። ጎልማሳው ተቆጣ፤ ግን ልጁ ያለውን አደረገ። ያኔ ትዝ ያሉኝ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የኖሩ የሰንጠረዥ ተጫዋች ናቸው፤ የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ።

ሰንጠረዥ የእኛው ቼዝ ነው። ገበታው ጨርቅ ሲሆን ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም፤ በመስመር ብቻ ይከፈላል። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይሰለፉበታል። ከዓለም ቼዝ የሚለየው ከሁሉ በላይ አጀማመሩ ነው። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም እጃቸው የፈቀደውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህ የመክፈቻ ምዕራፍ ወረራ ይባላል። ዘመነ መሳፍንትን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ራስ ወልደ ሥላሴ የዚያ ዘመን ሰው ናቸው። የክፍለ ኢየሱስ ልጅ ሲሆኑ፣ ከስሑል ሚካኤል ዘመን በኋላ ትግራይን ጠቅልለው ያዙ። የባሕሩ በር መንገድና የጨው ንግድ በእጃቸው ስለነበር ጠመንጃ አልቸገራቸውም። ጎንደር ላይ ንጉሥ አለ ይባል እንጂ ንጉሡን የሚያነሱትና የሚጥሉት መሳፍንቱ ነበሩ። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል፤ ፍጻሜ መንግሥት የተባሉትም በከንቱ አይደለም። ወልደ ሥላሴ ከየጁው ራስ ጉግሳ ጋር የተፎካከሩት ይህንኑ ንጉሥ የማንሳትና የመጣል ሥልጣን ነው። ራሳቸው ግን ዘውድ አልጫኑም።

እ.ኤ.አ. በ1805 እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እንደርታ ደርሶ አገኛቸው። ሰውነታቸው ቀጭን፣ ቁመታቸው አጭር፣ አስተያየታቸው ግን የነቃ ነበር። ሰንጠረዥ ሲጫወቱም አየ። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ በደምሳሳው የተቀረጹ ትላልቅ ነበሩ፤ የባላጋራን ጠጠር ሲበሉ በኃይል መትተው ከቦታው ያስፈነጥሩታል። ጨዋታው በጫጫታ የተሞላ ነው። በዙሪያው ያለ ሁሉ፣ ባሪያ እንኳ ሳይቀር፣ ጠጠር አንስቶ የሚበጀውን ያሳያል። ይሁንና ሶልት አንድ ነገር ልብ ብሏል፤ መኳንንቱ በብልሃት እየተሸነፉ ራሱ ሁልጊዜ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር።

በሕግ ትምህርት ቤት ዳኛ ሁሉንም ወገን መስማት አለበት ተብለን ተምረናል። በእኚህ ራስ ገበታ ዙሪያ ሁሉም ይሰማል፤ ውሳኔው ግን ገና ጨዋታው ሳይጀመር ያለቀ ነው። ራሱ ይህን አያውቁም ነበር? አይመስለኝም። በዚያ ሁሉ ጦርነትና ሴራ መካከል ሩብ ምዕተ ዓመት በሥልጣን የቆየ ሰው ሆን ተብሎ የተተወለትን ፈረስ አይቶ አይስተውም። እኔ እንደምገምተው የሚያዩት ገበታውን ሳይሆን ሰዎቹን ነው፤ ማን ቶሎ እንደሚሸነፍ፣ ማን እያቅማማ።

ሶልት እ.ኤ.አ. በ1810 ከእንግሊዝ ንጉሥ ስጦታ ይዞ ተመልሶ መጣ። በመጀመሪያው ጉዞ ወደ ኋላ የቀረው ናትናኤል ፒርስ የሚባል መርከበኛ ደግሞ ራሱን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ አገልግሏል። ስለ ኑሯቸው ብዙ የምናውቀው ከእሱ ነው። የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም የእሳቸው ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1816 ሕንጣሎ ላይ ሲያርፉ ዕድሜያቸው ሰማንያ ገደማ ነበር። የሞቱት በጦር ሳይሆን በሕመም ነው፤ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያንን ሁሉ ዓመት የተቀመጡበትን ስፍራ ማን እንደሚይዘው የተቆረጠ ነገር አልነበረም። ዘመዶቻቸውና ሹማምንቶቻቸው ተራ ሳይጠባበቁ እርስ በርስ ተነሱ። ትግራይ ለዓመታት ታመሰች፤ በመጨረሻ አሸንፈው የወጡት ከእንደርታ ቤት ያልሆኑት፣ የአጋሜው ሰባጋዲስ ናቸው።