ፊሊ ሉታያ፡ ሕመሙን ለአገሩ ትምህርት ያደረገው ድምፃዊ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናወጋው ስለ ሕመም ምልክቶችና ስለ ሕክምናቸው ነው። ለዛሬ ግን የአንድ ሰው ሕይወት ልተርክላችሁ ወደድኩ። ሰውየው ሐኪም አልነበረም፤ የዑጋንዳ ድምፃዊ ነበር። ስለ ኤችአይቪ ግን ብዙ ሰው አስተምሮ አልፏል።

ፊሊ ቦንጎሌ ሉታያ እ.ኤ.አ. በ1951 ዑጋንዳ ውስጥ ተወለደ። ሙዚቃን በወጣትነቱ ጀምሮ በኮንጎና በኬንያ ሲጫወት ቆየ፤ በኋላም ኑሮውን በስዊድን አደረገ። እዚያ ሆኖ የሠራው «በአፍሪካ የተወለደ» የተሰኘው አልበም በአገሩ ሕዝብ ዘንድ እጅግ ተወዳጅ አደረገው። የገና ዘፈኖቹንም ዑጋንዳውያን እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዓል ሲመጣ ይሰሟቸዋል።

በዚያው ዘመን ዑጋንዳ በከባድ ፈተና ውስጥ ነበረች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ባሉ መንደሮች ሰውን እያከሳ የሚገድል በሽታ ታየ። ሕዝቡም ከምልክቱ ተነሥቶ «ስሊም» አለው፤ ቀጭን ማለት ነው። አንዳንዱ መተት ነው ሲል፣ ሌላው የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ይል ነበር። መንግሥት ከ1986 ጀምሮ በሬዲዮ፣ በትምህርት ቤትና በቀበሌ ስብሰባ ማስተማር ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኖሪን ካሌባ የተባለች ባሏን በኤድስ ያጣች ሴት ከጓደኞቿ ጋር ሆና «ታሶ» የተባለውን የድጋፍ ማኅበር አቋቋመች። ይሁንና ታማሚው እየተደበቀ፣ ቤተሰቡም የሞቱን ምክንያት እየሸሸገ ይቀብር ስለነበር፣ ብዙው ሰው በሽታውን የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ ያየው ነበር።

ፊሊ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እንዳለ ያወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ስዊድን ተቀምጦ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። እሱ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ ኤድስ እንደያዘው በአደባባይ ተናገረ። ከታዋቂ ዑጋንዳውያን መካከል ይህን በማድረግ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ሁሉም አላመነውም። አልበሙን ለመሸጥ የፈጠረው ወሬ ነው ያሉ ነበሩ፤ ገንዘብ ተከፍሎት ነው ብለው የጠረጠሩም አልጠፉም። ፊሊ ግን በቀረችው ጉልበት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞረ ሕዝቡን አስተማረ። ስለ ብቸኝነቱና ስለ ፍርሃቱም የመጨረሻ አልበሙን ሠራ። ያላመኑት ሰዎች ሰውነቱ እየከሳ፣ አካሄዱ እየከበደው ሲሄድ በዓይናቸው አዩ። የካናዳዊው ጆን ዛሪትስኪ ዘጋቢ ፊልምም እነዚያን የመጨረሻ ወራት አስቀርቶልናል። ፊሊ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1989፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 6 ቀን 1982 ዓ.ም. ዐረፈ። ዕድሜው 38 ዓመት ነበር።

ከሞተ በኋላ ሥራው አልተቋረጠም። በስሙ በተቋቋመ ፕሮግራም ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በየትምህርት ቤቱና በየመንደሩ እየዞሩ ሕይወታቸውን መናገር ቀጠሉ። በ1990 ካምፓላ ውስጥ ሰዎች በፈቃዳቸው ምክር አግኝተው የሚመረመሩበት ማዕከል ተከፈተ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 15 በመቶ ገደማ የነበረው የአዋቂዎች የቫይረሱ ስርጭት ከአሥር ዓመት ግድም በኋላ ወደ 6 በመቶ ገደማ ወረደ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያቶች አሉት፤ በሽታውን ከሚያውቁት ሰው አፍ መስማት አንዱ እንደነበር ግን በዘርፉ የሠሩ ይስማማሉ።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ስለ ፊሊ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሕይወቱን ሊያተርፍለት የሚችል መድኃኒት በዘመኑ አልነበረም። ያኔ የነበረው አንድ መድኃኒት ውድ ነበር፤ ብቻውንም በቂ አልነበረም። ሞትን ያስቆሙት የተቀናጁ መድኃኒቶች የመጡት በ1996 ነው፤ እሱ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ሰውን ተመርመር ሲል ቃል የሚገባለት ፈውስ በእጁ አልነበረም።

ዛሬ በእኛ አገር ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። አገራዊ ስርጭቱም ከ1 በመቶ በታች ወርዷል። ችግሩ ግን ብዙዎቻችን በሽታው የጠፋ መስሎን መዘናጋታችን ነው። በምርመራ ክፍል የምገናኛቸው ሰዎች ደህና እየበላሁ፣ እየሠራሁ ለምን እመረመራለሁ ይሉኛል። ቫይረሱ ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ክብደቱ ቀንሶ፣ በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ ሲመጣ ሕክምናው ይከብዳል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እመክራችኋለሁ፡-

• ራሳችሁን ለማወቅ ሕመም እስኪሰማችሁ አትጠብቁ። በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ውጤቱን በዚያው ቀን ታውቃላችሁ። ምስጢራችሁም ይጠበቃል።

• ለቫይረሱ ከተጋለጣችሁ ብዙም ሳይቆይ ተመርምራችሁ ነፃ ብትባሉ፣ ከተጋለጣችሁበት ቀን ሦስት ወር ሲሞላ ምርመራውን ድገሙት። ቫይረሱ በምርመራ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳልና።

• ተጋልጫለሁ ብላችሁ ከሠጋችሁ፣ ወይም ተገዳ የተደፈረች ሰው ካለች፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ ያስፈልጋል። ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል።

• ነፍሰ ጡር እናቶች በመጀመሪያው ክትትል ተመርመሩ። እናት መድኃኒቱን በአግባቡ ስትወስድ ቫይረሱ ወደ ልጇ የመተላለፍ ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል።

• ቫይረሱ ከተገኘባችሁ መድኃኒቱን ሳትዘገዩ ጀምሩ፤ በየቀኑም ሳታቋርጡ ውሰዱ። በደም ውስጥ ያለው መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም።

በመጨረሻም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በራችሁን ስታንኳኳ፣ ወይም በሰፈራችሁ ቡና ተፈልቶ ስለ ኤችአይቪ ውይይት ሲደረግ አትሽሹ። ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ቆሞ ሲናገር ደግሞ በጥሞና ስሙት እንጂ በጥርጣሬ አትዩት። ያ ሰው መገለልን ተቋቁሞ የሚናገረው ለእናንተና ለልጆቻችሁ ነው። ፊሊን የተጠራጠሩት ሰዎች ቃሉን ያመኑት ሲከሳ ካዩት በኋላ ነበር። እናንተ ግን ከዚያ በፊት ተመርመሩ።

ቸር ሰንብቱ!