አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫና የጸሐፊ ድካም

ገበሬ ሲደክም ጎረቤቱ ያውቅለታል፤ ወዙ ይታያል፥ በሬዎቹም ከእርሱ ጋር ይቆማሉ። የጸሐፊ ድካም ግን በውስጥ ነው። ብራናው ተፍቆ፥ ቀለሙ ተበጥብጦ፥ ብርዑም ተቀርጾ ሳለ ልብ ደርቆ ቃል ሲጠፋ ከጸሐፊው በቀር የሚያየው የለም። ድርሰት የሚደርስ ሊቅ፥ ስብከት የሚያዘጋጅ ካህን፥ መጽሐፍ የሚገለብጥ ደብተራ ሁሉ ይህ ፈተና ያገኘዋል። አንዳንዱ ደክሞት ሳለ ራሱን እንደ ሰነፍ እየቈጠረ ያለ ዕረፍት ይታገላል፤ ከዚያም ጨርሶ ብርዑን ይጥላል። በዚህ ምክንያት ስንት የተጀመረ መጽሐፍ ሳይፈጸም ቀርቷል! ስለዚህ ከመካነ ሰላም አገር፥ ከቦረና ምድር የአንዱን አባት ሕይወት በአጭሩ ልንናገር ወደድን። ይህም አባት እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ ብርዑ ያልታከተው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው።

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በቤተ መንግሥት የሚያገለግል ካህንና የመጻሕፍት ዐዋቂ ነበር። ልጁንም ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሰደደው። ይህ ገዳም ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ የብዙ መምህራን መፍለቂያ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ገድሉ እንደሚነግረን ልጁ 7 ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት ተቀምጦ ትምህርቱ አልገባው አለ። የሊቅ ልጅ ሆኖ ከባልንጀሮቹ በታች መዋል፥ የሚሰማውን አለመያዝ እንዴት ያለ ኀዘን እንደ ሆነ ያየው ያውቀዋል።

በዚህ ጊዜ ጊዮርጊስ ገዳሙን ትቶ አልሄደም። ለመነኮሳቱ እህል እየፈጨ ያገለግል ነበር፤ ሌሊትም በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ እያለቀሰ ይለምን ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላም እመቤታችን ተገልጣ የዕውቀትን ጽዋ እንዳጠጣችውና ልቡናው እንደ ተከፈተ ገድሉ ይመሰክራል። እኛም ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው ጽዋውን የጠጣ እርሱ መሆኑ ነው፤ ለሌላው ከመቅዳቱ አስቀድሞ ራሱ ተቀበለ። ሁለተኛውም በወፍጮ ቤት ያሳለፈው ዘመን የባከነ ዘመን አለመሆኑ ነው። እጁ በድንጋዩ ላይ ሲመላለስ ልቡ በጸሎት ላይ ነበር። ይህን የመሰለ ትሑት የእጅ ሥራ ዛሬም የዛለውን አእምሮ ያሳርፋል፥ የታበየውንም ልብ ይሰብራል።

ከዚህ በኋላ ዕውቀቱ እስከ ቤተ መንግሥት ድረስ ተሰማ። የዓፄ ዳዊትን ልጆች አስተማረ፤ ከእነርሱም መካከል ኋላ በ1426 ዓ.ም. የነገሠውና ራሱም ደራሲ የሆነው ዘርዐ ያዕቆብ እንደ ነበረ ይነገራል። ቢቱ ከሚባለውም ሰው ጋር ስለ ሃይማኖት ተከራክሯል። ይሁን እንጂ ሕይወቱ ሁልጊዜ የክብር ሕይወት አልነበረም። በንጉሡ ቁጣ እንደ ታሰረና መከራ እንደ ተቀበለ ገድሉ ይናገራል፤ ቀዳማዊ ቴዎድሮስ በ1406 ዓ.ም. በነገሠ ጊዜ ግን መወደድን አገኘ። እንግዲህ ሥራው የሰውን ምስጋና ብቻ ምግብ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ምስጋናው በተቋረጠ ጊዜ ሥራውም በተቋረጠ ነበር። ከደስታ ወደ ኀዘን፥ ከኀዘንም ወደ ደስታ ሲመላለስ ብርዑን ያጸናለት ሌላ ነገር ነበረ። ይህም ምን እንደ ሆነ ድርሰቶቹ ራሳቸው ያሳዩናል።

የአባ ጊዮርጊስ ድርሰቶች ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን ሦስቱን ብቻ እንመልከት። መጽሐፈ ሰዓታት የቀኑንና የሌሊቱን ጸሎት በየሰዓቱ ከፍሎ የሚያዝ ሲሆን፥ ዛሬም በየአድባራቱና በየገዳማቱ ይቆማል። አርጋኖነ ማርያም በ7ቱ ዕለታት ተከፍሎ ከሰኞ እስከ እሑድ ለእያንዳንዱ ቀን የራሱ ምስጋና የተመደበበት ነው። መጽሐፈ ምሥጢር ደግሞ የመናፍቃንን ክሕደት የሚያፈርስ ታላቅ መጽሐፍ ሆኖ በ30 ምንባባት የተከፈለ ነው፤ ምንባባቱም በበዓላት እንዲነበቡ ተሠርተዋል። እነሆ፥ አንዱ በሰዓት፥ አንዱ በሳምንት፥ አንዱ በዓመት ተለካ። እንደዚህ ያለውን የባሕር ያህል ጥልቅ ነገር በአንድ ትንፋሽ እንዲጠጣ ማንንም አላስገደደም፤ ለአንባቢው በልክ በልኩ ቀዳለት እንጂ። ሰዓታትን የደረሰ ሰውም በሰዓታት ይኖር ነበር። ለጸሎት የሚቆም ጸሐፊ ሳይወድ እንኳ ብርዑን ያስቀምጣል፤ ከጸሎት ሲመለስም ያቋረጠውን ነገር በአዲስ ዓይን ያየዋል።

ከዚህም ሌላ አባ ጊዮርጊስ ሁለቱን ሰንበታት ከሚያከብሩትና ስለ ክብራቸው ከተከራከሩት አባቶች አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን የቀዳሚት ሰንበት ነገር በቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ ክርክር ነበረ። ክርክሩም ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ እስከ አስወሰነበት እስከ 1442 ዓ.ም. ገደማ ድረስ ቆየ። አባታችን የተከራከረው ስለ ሥጋ ምቾት ሳይሆን ስለ ሕገ እግዚአብሔር ነው። ሆኖም እናስተውል፤ ያን ሁሉ መጽሐፍ የጻፈው ሰው ከሳምንቱ ሁለቱን ቀን ለእግዚአብሔር የለየ ሰው ነበር። ዕረፍቱ ሥራውን አላጎደለበትም።

ስሙ የሚጠራበት ጋስጫም በቦረና ደጋና ገደል መካከል ያለ የጸጥታ ቦታ ነው። ከከተማና ከቤተ መንግሥት ርቆ ደብረ ባሕርይ በተባለው በዚህ ገዳም መታሰቢያው እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ወደ መካነ ሰላም የሚወጣ ምእመን ያን ከፍተኛ አገር ሲያይ፥ ብዙ የሚናገር ሰው ብዙ ዝም የሚልበት ቦታ እንደሚያስፈልገው ይረዳል።

እንግዲህ ወንድሞቻችን ካህናትና ጸሐፍት ሆይ፤ ሐኬትንና ድካምን እንለይ። ሐኬት መሥራት የሚችለው ሰው ሥራውን ሲጠላ የሚመጣ ኃጢአት ነው፤ ንስሓም ያሻዋል። ድካም ግን ሠራተኛውን የሚያገኘው የሥጋ ባሕርይ ነው፤ ዕረፍት ያሻዋል። ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፥ ደግሞም አስተኛው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኮሬብ የሄደው። ጌታችንም ሐዋርያት ከስብከት በተመለሱ ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ገለል ብለው ጥቂት እንዲያርፉ አዝዟቸዋል። ለነቢይና ለሐዋርያት የተፈቀደውን ለራሳችን ብንከለክል ትሕትና አይደለም፤ ድብቅ ትዕቢት ነው እንጂ።

ስለዚህ የሚጽፍ ሰው ከመጻፉ በፊት ያንብብ፥ ከማንበቡም በፊት ይጸልይ። ለቀኑ የሚበቃውን ጽፎ የቀረውን ለነገ ይተው። በእጁም የሚሠራው ሌላ ሥራ ይኑረው፤ አትክልት መኰትኰት፥ እንጨት መፍለጥ፥ ድውይ መጠየቅ ሁሉ መልካም ነው። ሰንበቱንም ለብርዑ አሳልፎ አይስጥ። የደነዘዘ ብርዕ አፉ ካልተቀረጸ በስተቀር ብራናውን ያበላሻልና፥ ለመቅረጽ የቆመበት ጊዜ ከጽሕፈቱ ጊዜ እንደ ጐደለ አይቈጠርም።

አባ ጊዮርጊስ መጽሐፈ ምሥጢርን በ1416 ዓ.ም. ፈጸመ፤ በሚቀጥለውም ዓመት፥ በ1417 ዓ.ም.፥ ሐምሌ 7 ቀን ዐረፈ። የድርሰቱ ሁሉ ታላቅ የሚባለውን መጽሐፍ የጨረሰው በልጅነት ጉልበቱ ሳይሆን በዕድሜው ማታ ነው። 7 ዓመት ፊደል የከበደው ያ ልጅ በስድሳ ዓመቱ ገደማ ሊቃውንት የሚመራመሩበትን መጽሐፍ ትቶልን ሄደ። እኛም ዛሬ ሥራችን ከብዶን ብንቀመጥ ተስፋ አንቍረጥ፤ ጽዋው ባዶ በሆነ ጊዜ ጽዋውን አንሰብረውም፥ ወደ ምንጩ እንወስደዋለን እንጂ።

የአባታችን የአባ ጊዮርጊስ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይኑር። አሜን።