ጆሴፍ ብላክ፦ አረፋውን የመዘነው መምህር

ዳንግላ ውስጥ ለማስተማር ልምምድ በወጣሁ ጊዜ ለተማሪዎቼ በቤኪንግ ሶዳ ላይ ሎሚ ጨምቄ አሳየኋቸው። አረፋው ቱፍ ሲል ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ ልጅ ግን አረፋው ሲያልቅ የት እንደገባ ጠየቀኝ። ጋዝ ሆኖ ሄደ አልኩት፤ መሄዱን በምን እንዳወቅሁ ሲጠይቀኝ ግን መልስ አጠረኝ። ይህንን ጥያቄ ቀድሞ በሚዛን የመለሰው ጆሴፍ ብላክ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብላክ በ1728 በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ተወለደ። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር። በቤልፋስት ከተማረ በኋላ ግላስጎው ገብቶ በዊልያም ከለን ሥር ኬሚስትሪ አጠና፤ ቀጥሎም ሕክምና ለመጨረስ ወደ ኤድንብራ ሄደ።

በዚያን ዘመን ሐኪሞች የፊኛ ጠጠርን ለማሟሟት የኖራ ውኃ ያጠጡ ነበር። ብላክ የተሻለ መድኃኒት ፍለጋ ማግኒዥያ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ይመረምር ጀመር። ለጠጠሩ የሚሆን መድኃኒት አላገኘም። ነገር ግን ዱቄቱ በእሳት ሲቃጠል ክብደቱ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ የተቃጠለው ላይ አሲድ ሲጨምርበትም አልፈላም።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? ብላክ የተቃጠለውን በአሲድ አሟሟውና የፖታሽ ካርቦኔት ጨመረበት። ነጩ ዱቄት ተመልሶ ዘቀጠ፤ ክብደቱም ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ አሲድ ሲነካውም እንደ ቀድሞው ፈላ። ስለዚህ በእሳት የወጣውና በአሲድ የሚፈላው አንድ ነገር ነው ማለት ነው። በድንጋይ ውስጥ ታስሮ የሚኖር አየር ስለሆነ የታሰረ አየር ብሎ ሰየመው፤ እኛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው፣ ከአምቦ ውኃ የሚወጣው ጋዝ ነው። ቀድሞ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል የሚያቃጥል ነገር ከእሳቱ ይገባበታል ይባል ነበር። ብላክ ግን የሚገባ ሳይሆን የሚወጣ ነገር መኖሩን አሳየ። ጥናቱ በ1756 ታተመ። የሰው ትንፋሽም የኖራ ውኃን ስለሚያደፈርስ ይኸው ጋዝ እንዳለበት ተረዳ።

በኋላ በግላስጎው በረዶ ሲቀልጥ የሙቀት መጠኑ ሳይጨምር ሙቀት እንደሚውጥ ደረሰበት፤ ጄምስ ዋትንም በሐሳብና በገንዘብ አገዘው። ከ1766 ጀምሮ በኤድንብራ አስተማረ። የአገሩ ሰው ጄምስ ብሩስ በ1770 ከዳንግላ ብዙም በማይርቀው ግሽ ዓባይ ሲደርስ፣ ብላክ እዚያ ወንበሩ ላይ ነበር።

አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ጽፎ ማሳተም አይወድም። ስለ ሙቀት ያገኘውን ራሱ አላሳተመውም፤ ትምህርቱ በመጽሐፍ የወጣው ከሞተ በኋላ በ1803 ነው። ቢሆንም ዕውቀቱ በተማሪዎቹ አማካይነት ተስፋፋ። ናይትሮጅንን በ1772 የለየው ዳንኤል ራዘርፎርድ የእሱ ተማሪ ነበር። ብላክ ሳያገባ ኖሮ በ1799 አረፈ። የወተት ጽዋውን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ጠብታ ሳይፈስ፣ ነፍሱ ወጣች ይባላል።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የእንቁላል ቅርፊትና አቼቶ ይዤ ገባሁ። በዚህ ጊዜ ግን ብርጭቆው ሚዛን ላይ ነበር። አረፋው እየፈላ ቁጥሩ ሲወርድ ማንም አላጨበጨበም፤ ያ ልጅ ግን ደብተሩን አውጥቶ ይጽፍ ጀመር።