ሣር ጠባቂው ሻምፒዮን

የጎልፍን ታላቅ ዋንጫ በስተርጅና ስላነሡ ሰዎች ሲወሳ ቀድሞ የሚጠራው ስም የቶም ሞሪስ ነው። ዓለም የሚያውቃቸው ሽማግሌው ቶም በሚል ቅጽል ነው። መተዳደሪያቸው ግን ሣር መንከባከብ ነበር።

ቶም ሞሪስ እ.ኤ.አ በ1821 በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ሴንት አንድሩስ ከተማ ከሸማኔ ቤተሰብ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የዘመኑ ምርጥ ተጫዋችና ኳስ ሠሪ በነበረው በአለን ሮበርትሰን ዘንድ ሙያ ለመማር ገቡ። ኳሱ የሚሠራው በተሰፋ ቆዳ ውስጥ ላባ በማጨቅ ስለነበር አድካሚና ውድ ነበር። ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ ርካሽ ኳስ ሲመጣ ሮበርትሰን ለእንጀራው ሰግቶ ተቃወመው፤ ሞሪስ ግን በአዲሱ ኳስ ሲጫወቱ በመታየታቸው ተለያዩ።

እ.ኤ.አ በ1851 ወደ ፕረስትዊክ ተጉዘው ባለ 12 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ቀየሱ፤ ጠባቂውም ሆኑ። የመጀመሪያው ኦፕን ሻምፒዮና በ1860 የተካሄደው በዚሁ ሜዳ ነው። 8 ተጫዋቾች ተወዳደሩ፤ ሞሪስ በዊሊ ፓርክ በ2 ምት ተበልጠው ሁለተኛ ወጡ። በቀጣዩ ዓመት አሸነፉ። በ1862 ደግሞ በ13 ምት ልዩነት ድል አደረጉ፤ ይህን ያህል ሰፊ ልዩነት በኦፕን እስከ ዛሬ አልታየም። በ1864 ሦስተኛውን፣ በ1867 በ46 ዓመታቸው አራተኛውን ድል ተቀዳጁ። በዕድሜ ትልቁ የኦፕን አሸናፊ ዛሬም እርሳቸው ናቸው። በማግስቱ ዓመት ያሸነፈው የ17 ዓመት ልጃቸው ወጣቱ ቶም ደግሞ በዕድሜ ትንሹ ነው።

ዛሬ 50 ዓመት ያለፋቸው ተጫዋቾች የራሳቸው ሻምፒዮና አላቸው። በዚያ ዘመን ግን ይህ አልነበረም። ሞሪስ ከ70 ዓመታቸው በኋላም የተሰለፉት ከወጣቶች ጋር ነበር።

በ1860ዎቹ አጋማሽ በዓመት 50 ፓውንድ ተቀጥረው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ። ያገኙት ሜዳ የተጎዳና በእሾሃማ ቁጥቋጦ የተወረረ ነበር። ቁጥቋጦውን አስመንጥረው መጫወቻውን አሰፉ፤ ሣሩ ላይ በየጊዜው አሸዋ በስሱ አስበተኑ። አሸዋው ጎድጓዳውን ይሞላል፤ ውኃ እንዳይተኛ ያደርጋል፤ ሣሩም ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። ገበሬ ማሳውን ጦም እንደሚያሳድር ሁሉ፣ እሑድ እሑድ ሜዳው እንዲያርፍ ያደርጉ ነበር።

እ.ኤ.አ በ1875 መስከረም አባትና ልጅ በኖርዝ ቤሪክ ከፓርክ ወንድማማቾች ጋር ሲጫወቱ የወጣቱ ቶም ሚስት በምጥ መቸገሯን የሚገልጽ ቴሌግራም ደረሰ። በጀልባ ባሕሩን ተሻግረው ቢገሰግሱም እናትም ሕፃንም በሕይወት አልጠበቋቸውም። አራት ጊዜ ኦፕንን ያሸነፈው ወጣቱ ቶምም በዚያው ዓመት በፈረንጆች ገና ዕለት በ24 ዓመቱ አረፈ። በቀጣዩ ዓመት ሞሪስ ባለቤታቸውን ቀበሩ። የቀሩት ልጆቻቸውም ሁሉ ቀደሟቸው።

ሥራቸውን ግን አልተዉም። እስከ 1903 ሜዳውን ጠበቁ፤ በ1908 ከደረጃ ወድቀው በ86 ዓመታቸው አረፉ። የሴንት አንድሩስ አሮጌ ሜዳ 18ኛው ጉድጓድ በስማቸው ይጠራል። ሣር ላይ አሸዋ መበተንም ዛሬ በየአገሩ የጎልፍ ሜዳ ጠባቂዎች የዘወትር ሥራ ነው።