አና ስዌል፦ መናገር ለማይችሉት የተናገረች

ለልጆች ከሚነበቡት የእንስሳት ታሪኮች መካከል «ብላክ ቢዩቲ» እጅግ የታወቀ ነው። ነገር ግን ደራሲዋ አና ስዌል መጽሐፉን በመጀመሪያ ያሰበችው ለልጆች አልነበረም። ለማን እንደ ሆነ ለመረዳት ሕይወትዋን ባጭሩ እንመልከት።

አና እ.ኤ.አ. በ1820 በእንግሊዝ አገር፣ ግሬት ያርማውዝ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ከክዌከር ምእመናን ቤተሰብ ተወለደች። እናትዋ ሜሪ ግብረ ገብን የሚያስተምሩ ግጥሞችን ትደርስ ነበር። አና በ14 ዓመትዋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወድቃ ቁርጭምጭሚትዋ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ልብዋ መራመድ አልቻለችም። በፈረስ ጋሪ መጓዝ ግድ ስለ ሆነባት፣ እግር የሆኑላትን እንስሳት ድካም ከቅርብ አየች።

በዚያ ዘመን ባለጸጎች ፈረሶቻቸው ኩሩ መስለው እንዲታዩ ሲሉ፣ ራሳቸውን ወደ ላይ በጠፍር ወጥረው ያስሩ ነበር። እንስሳው ዳገት ሲወጣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በሙሉ ኃይሉ መሳብ አይችልም፤ ትንፋሹም ይታፈናል። ለታይታ ሲባል ሕያው ፍጥረት ይሠቃይ ነበር።

አና ከ1871 እስከ 1877 ድረስ በሕመም ተይዛ ሳለች መጽሐፉን ጻፈች። በቁርጥራጭ ወረቀት የጻፈችውን እናትዋ ትገለብጥላት ነበር። ያሰበችው ለፈረስ ጠባቂዎችና ለሠረገላ ነጂዎች ነበር፤ ስለዚህም ፈረሱ ራሱ ሕይወቱን እንዲተርክ አደረገች። በታሪኩ ውስጥ ጆ የተባለ ልጅ፣ ሮጦ ያላበውን ፈረስ ሳያለብስ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣዋል። ፈረሱ ለሞት ይደርሳል። ልጁ ጨካኝ አልነበረም፤ አላወቀም እንጂ። አና ግን አለማወቅም እንደ ክፋት ሊገድል እንደሚችል ታሳያለች።

መጽሐፉ በኅዳር 1877 ታተመ፤ አና ከአምስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1878 ዐረፈች። የድካምዋን ፍሬ በሙሉ አላየችም። ከሞትዋ በኋላ መጽሐፉ በብዙ አገሮች ተሰራጨ፤ በ1890 በአሜሪካ ለእንስሳት የሚሟገቱ ሰዎች አሳትመው አደሉት። ያ የአንገት ጠፍርም እየተነቀፈ ሄዶ ቀረ።

እኛም ሕፃናትን ስናስተምር ከዚህች ሴት ሕይወት አንድ ነገር እንማራለን፦ ለልጅ ርኅራኄን መምከር ብቻውን አይበቃም፤ በእጁ ያለውን ፍጥረት የሚጎዳውንና የሚጠቅመውን ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግም የእኛ ግዴታ ነው።