ነርሷ ልዕልት፤ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ አጭር የሕይወት ታሪክ

ከእኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል አንዲቱ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ ስትል፣ የሰው ቁስል ከማጠብ ሌላ ሥራ አጣሽን የሚላት አይጠፋም። ይህን ለሚሉ ሁሉ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ታሪክ በቂ መልስ ስለሆነ፣ በዚህ የትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ላቀርበው ወደድሁ።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ እናታቸውም በኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ልዕልቲቱ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቢሆንም ከእናታቸውና ከሌሎች ወይዛዝርት ጋር ሆነው ለዘማቾች ልብስና ፋሻ በማዘጋጀት አገራቸውን ረዱ። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ ጋር ተሰደው ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ።

በስደት ላይ ሳሉ ተቀምጦ ማዘንን አልመረጡም። በሎንዶን ከተማ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስነትን ሙያ ተማሩ። በዚያ ዘመን የነርስ ተማሪ ሥራ ቀላል አልነበረም። አልጋ ማንጠፍ፣ ወለል ማጽዳት፣ የሕመምተኛውን ገላ ማጠብ፣ ሌሊት ነቅቶ ትኩሳቱን መለካት የዘወትር ተግባር ነበር። የንጉሥ ልጅ ሆነው ሳለ ይህን ሁሉ ፈጽመው በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመረቁ። ከዚያም ጋይስ በተባለው ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

አገራችን ነፃ በወጣች ጊዜ በ1933 ዓ.ም. ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል ሕመምተኞችን አገለገሉ። በሚያዝያ ወር 1934 ዓ.ም. ኮሎኔል ዐቢይ አበበን አግብተው ባለቤታቸው ወደሚያስተዳድሩት ወደ ወለጋ ሄዱ። ነገር ግን ከሠርጋቸው አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከተማ በእርግዝና ምክንያት በደረሰባቸው ሕመም ዐረፉ። ዕድሜያቸው ገና ሃያ ሁለት ዓመት ነበር።

የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለመታሰቢያቸው ገንዘብ በማሰባሰብ ብዙ ደከሙ። ልዕልቲቱ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ በአዲስ አበባ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ተከፈተ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ይህ ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ።

ነቀምት ከእኛ ሩቅ አይደለችም። ከጅማ ተነሥቶ በአጋሮና በበደሌ በኩል የሚያልፈው መንገድ እርስዋ ዘንድ ያደርሳል። ልዕልቲቱን የገደለው አደጋም በመንገዱ ዳር ባሉት የቡና ከተሞች እናቶችን ዛሬም ያሠጋል። ይህን አደጋ ለመቀነስ መድኃኒት ብቻ አይበቃም፤ ትምህርትም ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት ደም ሲፈስሳት፣ ራሷን አጥብቆ ሲያማት፣ ፊቷ ሲያብጥ ወይም ትኩሳት ሲይዛት ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት አስቀድሞ የምታስተምራት ነርሷ ናት። ልጁ ተቅማጥ የያዘውን እናት መጠጥ እንዳትከለክለው፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩንም በንጹሕ ውኃ በጥብጣ በየጊዜው እንድታጠጣው ታሳያታለች። በወባ የታመመውን ቡና ለቃሚም ትኩሳቱ ስለበረደ ብቻ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ትመክረዋለች። ምክሩን ያልተረዳ ሕመምተኛ ዛሬ ድኖ ቢሄድ ነገ ተመልሶ ይመጣል።

በከተማችን በጅማም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ክፍል የሆነው፣ ተማሪዎቹን ወደ ሕዝቡ መካከል እየላከ ማስተማርን ልማዱ አድርጓል። ስለዚህ ይህን ሙያ የሚሻ ሰው በሩ ቅርብ ነው።

ልዕልት ፀሐይ በሙያቸው አገራቸውን ያገለገሉበት ጊዜ አንድ ዓመት እንኳ የሚሞላ አይደለም። የቀረውን ሥራ መፈጸም የእኛ ፈንታ ነው። ስለዚህ እናንት እኅቶቻችን፣ እናንተም ወንድሞቻችን፣ የታመመን ሰው ማጠብና ማስተማር ውርደት እንዳይመስላችሁ። ወላጆችም ልጃችሁ ይህን ሙያ ስትመርጥ መርቃችሁ ስደዱአት።