የጦር ሜዳ ሠዓሊው ፍሬድሪክ ቪልየርስና ከኦምዱርማን የጠፋው ሥዕል

ሥዕል አፍ የሌለው ምስክር ነው። ምስክር ግን ሐሰተኛም ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛውም ጠባቂ ካላገኘ ይጠፋል። እንግሊዛዊው የጦር ሜዳ ሠዓሊ ፍሬድሪክ ቪልየርስ ይህን ነገር በራሱ ሥራ ደርሶበት ያየ ሰው ነበረ። (ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ቪልየርስ በ1851 ዓ. ም. በሎንዶን ተወለደ። የሥዕልን ጥበብ ከተማረ በኋላ በ1876 «ግራፊክ» የተባለው ባለሥዕል ጋዜጣ ወደ ሰርቢያ ጦርነት ላከው፤ ከዚያም ወዲህ ውጊያ በተነሣበት አገር ሁሉ እርሳስና ወረቀቱን ይዞ የሚገኝ ሆነ። በ1884 ከአድሚራል ሂዌት መልእክተኞች ጋራ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ዘንድ ደረሰ። በዓድዋ የተፈረመው የዚያ ውል አንዱ ዋና ጉዳይ በሱዳን በድርቡሽ የተከበበውን የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል ማስወጣት ነበረ። ዓመቱ ሳያልቅም በካርቱም የተከበበውን ጄኔራል ጎርደንን ለማዳን ከተላከው ጦር ጋራ ዘመተ፤ ነገር ግን ጦሩ ሳይደርስ ከተማይቱ በጥር 1885 ወደቀች።

ቪልየርስ ከዘመቻ ሲመለስ የሕዝብ አስተማሪ ይሆን ነበረ። የጦር ሜዳ ልብሱን ለብሶ በአዳራሽ እየቆመ፣ ያየውን በምትሐት ፋኖስ ያስረዳ ነበረ። ይህ ፋኖስ በመስታወት ላይ የሰፈረውን ሥዕል በመብራትና በማጉሊያ መነጽር ኃይል አተልቆ በነጭ መጋረጃ ላይ የሚጥል መሣሪያ ነው። የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሆይኽንስ በ1659 ገደማ ሠራው፤ የሲኒማም አባት እርሱ ነው።

በ1897 ግሪኮችና ቱርኮች ሲዋጉ ቪልየርስ በብስክሌት እየተጓዘ ውጊያውን በሲኒማ መሣሪያ ለማንሣት ሞከረ። ይዞት ሲመለስ ግን ሕዝቡ አስቀድሞ ሌላ ሥዕል አይቶ ደስ ተሰኝቶበት ቈየው፤ ያም ጦር ሜዳ ባልረገጡ ሰዎች በፓሪስ አጠገብ የተቀናበረ ጨዋታ ነበረ። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስም በዚያው ዓመት ስለዚሁ ጦርነት እንዲህ ያሉ ፊልሞች ሠርቷል። የእውነተኛው ሥዕል ገዢ ጠፋ፤ ፊልሙም ለትውልድ አልተላለፈም።

በመስከረም 2 ቀን 1898 በካርቱም ማዶ በኦምዱርማን ውጊያ ሲጀመር ቪልየርስ «መሊክ» በተባለችው የጦር ጀልባ ላይ መሣሪያውን ተክሎ ይጠባበቅ ነበረ። የጀልባይቱ መድፍ ሲተኰስ ወለሉ ተናወጠ፤ መሣሪያው ወደቀ፤ ፊልሙም ብርሃን አይቶ ተበላሸ። እርሱም ወደ እርሳሱ ተመለሰ። በዚያ ጠዋት ከከሊፋው ሠራዊት 10 ሺህ ያህል ሰው አለቀ፤ ያን እልቂት በመጋረጃ ላይ የሚያሳይ ምስክር ግን አልቀረም።

ቪልየርስ በ1922 ዓ. ም. ዐረፈ። «መሊክ» ከ1926 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በካርቱም የሰማያዊ ዓባይ የጀልባ ማኅበር መቀመጫ ሆና ቈየች። ብረቱ ጠባቂ ሲያገኝ ሥዕሉ አላገኘም።

ከዚህ ሰው ሕይወት ለመምህራን ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ በትምህርት ቤት ሣጥን ውስጥ የቀሩትን የመስታወት ሥዕሎችና የድሮ ፊልሞች ከእርጥበትና ከአቧራ ጠብቆ፣ የት፣ መቼና በማን እንደ ተነሡ በጽሑፍ ማኖር ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪው በመጋረጃ ላይ ያየውን ሁሉ ከማመኑ በፊት ሠሪው በሥፍራው ነበረ ወይ ብሎ እንዲጠይቅ ማስለመድ ነው። የቪልየርስን ፊልም ዋጋ ያሳጣው ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ተመልካች መታጣቱ ነበረና።